ክንዴ አልነሣ ያለ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ፀጉሩን ሲያበጥር ክንዱ ለሚዝልበት፣ ከተቀመጠበት ለመነሣት ግድግዳ ለሚቧጥጥ፣ ለሰው ቢናገር ግን «ሰነፍክ» የሚባል ለሚመስለው ሰው ነው። እኔም እንዲያ ነበርኩ። አሁን ድኛለሁ። ደረጃ እወጣለሁ፣ ልብሴን አጥቤ ራሴ አሰጣለሁ፣ ታክሲም ተሯሩጬ እይዛለሁ። ስለዚህ ስታነቡ ይሞት ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ወደ ማለቂያው ግድም ነው። ያኔ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖር ነበር። በአቅራቢያው በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ዘመድ የምለው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መኮንን ብቻ ነበር። እሱም ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ቀበሌ ውስጥ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። እሑድ እሑድ ምሳ የምበላው እሱ ቤት ነበር።

ሕመሙን መጀመሪያ ያየሁት አፍሪካ ላይ ነው። የአፍሪካን ካርታ ጠመኔዬን ከሰሌዳው ሳላነሣ ባንድ ትንፋሽ እስል ነበር፤ ተማሪዎቼም ይህን ለማየት ጸጥ ይሉልኛል። ከሞሮኮ ተነሥቼ፣ በሜዲትራኒያን ዳር ግብፅ ደርሼ፣ በቀይ ባሕር ቁልቁል ወርጄ ቀንዱን እዞራለሁ። አንድ ቀን ቱኒዚያ ላይ ክንዴ ዛለ። ጠመኔ የያዘው እጄ ሳላዘው ወረደ። እጅጌዬን ሰው የጎተተኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ በኋላ አህጉሩን ከሰሌዳው መሐል እጀምር ጀመር፤ ቆይቼ ደግሞ ከመሐልም ዝቅ ብዬ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ አፍሪካ አጠረች እኮ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። «ጠመኔ እየቆጠብኩ ነው» አልኩት። ጠመኔ በእርግጥም ይጠፋ ስለነበር አመኑኝ።

ከዚያ ሕመሙ ወደ ጭኔ ወረደ። ያን ጊዜ ውይይት የምንላት፣ ከኋላ በኩል ተወጥቶባት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚሄድባት ታክሲ ነበረች። መወጣጫዋ ላይ እግሬን አሳርፋለሁ፣ ሌላው አካሌ ግን አይከተለኝም። ተሳፋሪዎች በክንዴ ጎትተው ያስገቡኛል። አንዲት ወይዘሮ «በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ?» ብላኛለች። ሽንት ቤት ቁጢጥ ብዬ ለመነሣት ስታገል አንድ ቀን እዚያው ቀርቼ ነበር። ቢቸግረኝ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ገመድ አሰርኩና በእሱ እየተንጠለጠልኩ መነሣት ለመድኩ። ይህን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

የሚገርመው አያመኝም ነበር። ሰው ያላመነኝም ለዚህ ይመስለኛል። ቁስል የለ፣ ትኩሳት የለ፣ እብጠት የለ። ተቀምጬ ላየኝ ጤነኛ ነኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ «ድካም ነው» ብለው የቫይታሚን መርፌ አዘዙልኝ። መቀመጫዬ ቆሰለ እንጂ ክንዴ አልተነሣም። ሌላ ክሊኒክ «ሪህ ነው» አለኝና የሰጠኝ ኪኒን ጨጓራዬን አቃጠለው። ጋሼ መኮንን ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ሰውየው ትከሻዬን ቅቤ ቀብቶ ጎተተው፣ ጠመዘዘው፣ «ወልቆ ነበር፣ ገብቷል» አለ። የወጣም የገባም ነገር አልነበረም፤ ለሳምንት ግን መተኛት አቃተኝ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄጄ ትከሻዬን ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «አጥንትህ የበሬ ነው። ሐሳብ አታብዛ፣ ሚስት አግባ» ብሎ አሰናበተኝ። ጋሼ መኮንን አጠገቤ ነበርና «የበሬ» የምትለዋ ቃል ልቡ ውስጥ ገባች።

እንግዲህ ስለ ቀበሌ ስብሰባ ልናገር ነው። ያኔ ያልነበራችሁ ልጆች እንድታውቁት፣ በስብሰባ ላይ ከሰው የሚፈለገው ሁለት ነገር ነበር። ተነሡ ሲባል መነሣት፣ መፈክር ሲባል ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ መስደድ። ሌላውን ሁሉ ሊቀመንበሩ ይናገረዋል። የእኔ ሕመም ደግሞ መርጦ የያዘው እነዚህን ሁለቱን ነበር።

ለወራት ተደብቄ ኖሬአለሁ። ቀድሜ እደርስና ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። መፈክር ሲመጣ የግራ ክርኔን በቀኝ እጄ ከታች ይዤ እገፋዋለሁ፤ ከሩቅ ላየኝ ያነሣሁ እመስላለሁ። አንድ እሑድ ግን የአብዮት ጥበቃው «ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት! ወንበር ባዶ ነው!» ብሎ ነዳን። የቀረው አግዳሚ ወንበር ዝቅተኛ ነበር። ተቀመጥኩ። ጋሼ መኮንን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ለመዝሙር ተነሡ ተባለ። አዳራሹ ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ጉልበቴን ይዤ ታገልኩ፣ መቀመጫዬ ከወንበሩ አልላቀቅ አለ። ጋሼ መኮንን ጎንበስ ብሎ ብብቴን ያዘና «ተነሥ እንጂ» እያለ ወደ ላይ ሳበኝ። ከኋላዬ የተማሪዎቼ ወላጆች ቆመዋል። በእነሱ ፊት እንደ ሕፃን መታቀፉ አሳፈረኝና እጁን ገፋሁት። «ተወኝ!» አልኩት፤ ድምፄም ካሰብኩት በላይ ወጣ። መዝሙሩ አልቆ መፈክሩ ሲጀመር ጡጫ ሁሉ ወደ ጣሪያው ሲወጣ የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር። ክርኔን ልገፋ ብሞክርም ተቀምጬ አቅም አጣሁ። ቀና ስል ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ላይ አፍጥጦ እያየኝ ነበር።

ስንወጣ ማንም ከእኔ ጋር አልሄደም። ጋሼ መኮንን ከበሩ ውጭ ጠብቆኝ፣ ዙሪያውን ካየ በኋላ ዝግ ብሎ «አንተ ልጅ፣ ለራስህ ባታዝን ለልጆቼ እዘን» አለኝ።

«ጋሼ፣ አሞኛል እኮ። ታውቃለህ።»

«ሐኪሙ ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እጄን ስትገፋኝ ደግሞ ጉልበትህን አይቻለሁ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የእሑድ ምሳ ቀረ። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጠርቶ «ለምን?» አለኝ። «ታምሜ ነው» አልኩት። «የታመመ ሰው ማስረጃ አለው። አምጣ» አለኝ። ምን ላምጣ? በእጄ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነህ የሚል ነበር። ትምህርት ቤትም መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዳንዱ ደግሞ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ እጄን ጭብጥ አድርጎ፣ ዓይኑን አብርቶብኝ ይሄዳል። እሱ ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። ምንም ሳላደርግ ጀግና ሆኜ ተገኘሁ፤ ጀግና ደግሞ በዚያ ዘመን ዕድሜው አጭር ነው። ማታ ማታ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ቢመጡብኝ ሮጬ አላመልጥ፣ ከአልጋዬ መነሣትም ያቅተኛል።

በዚያው ሳምንት ነው እማማ በላይነሽ በሬን ያንኳኩት። ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከእንዴት አደሩ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ልጃቸው በዚያ በመጥፎው ጊዜ፣ ወጣቱ ከየቤቱ ሲለቀም ተወስዶ እንዳልተመለሰ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አያወራውም። ትኩስ ቅንጬ በሳህን ይዘው ገቡ። ልነሣ ስፍጨረጨር በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«አየሁህ» አሉኝ።

«እማማ፣ አሞኝ ነው።»

«አዎ። ለሚጠይቅህ ሁሉ እንዲሁ በል።»

«እውነቴን ነው።»

«እኔስ መቼ ውሸት ነው አልኩህ? ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ከዚያ በኋላ ይመላለሱ ጀመር። ብዙ አያወሩም። ቅንጬውን ስበላ ያዩኛል፣ ሳህናቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከዓለም የቀረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ የግቢው በር ሲንቋቋ ልቤ ይዘላል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ሳህኑን በእጃቸው እያዞሩ «ልጄን በወሰዱት ማግስት ስብሰባ ጠሩን» አሉኝ። «ሄድኩ። እጅ አንሡ አሉ፣ አነሣሁ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ያላነሣ አንድ ሰው ፈለግሁ። አንድ ሰው ብቻ። ሁሉም አንሥቶ ነበር።» ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። እኔ ያን ሰው አልነበርኩም።

ክረምቱ ሲወጣ ለማስረጃዬ ስል እንደገና ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ተራዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ፣ እንደ ልማዴ እጄን ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ተክዬ በገዛ ሰውነቴ ላይ እየተንጠላጠልኩ ተነሣሁ። በሩ ላይ የቆመች ወጣት ሐኪም አየችኝ። ከአውሮፓ ተምራ የተመለሰች፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች።

«ይቀመጡ እስቲ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «አሁን ይነሡ። እንዳሁኑ።» ተነሣሁ። «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።» ልትቀልድብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። እሷ ግን ሦስት ሐኪም ያላየውን እያየች ነበር። ክንዴን ወደ ጎን አስዘርግታ በሁለት ጣቷ ተጫነችው፤ ወረደ።

«ሐሳብ አይደለም። አጥንትም አይደለም» አለችኝ። «ጡንቻዎ ነው። ምናልባት ብግነት ነው፤ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እንደ ባዕድ አይቶ ሲዋጋው የሚመጣ። ከሆነ መድኃኒት አለው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው አመነኝ። እንባዬ መጣ፣ ደብቄ ጠረግሁት።

እርግጠኛ ለመሆን ከጭኔ ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል አለችኝ። ችግሩ የት እንደሚቆረጥ ነው። ደህናው ቦታ ላይ ቢቆረጥ ጤነኛ ነው ይባላል፤ ጨርሶ የሞተው ላይ ቢቆረጥም ምንም አይናገርም። «የተማርኩበት አገር ጡንቻን በአልትራሳውንድ ያያሉ። እዚህ ያለው ግን የነፍሰ ጡሮች ነው። እለምንልዎታለሁ» አለችኝ። አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ወደ ምስል የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ያኔ ስሙን የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው ነፍሰ ጡሮች መሐል የተሰለፍኩት። የሁሉም ሆዳቸው ከፊታቸው ቀድሟል፤ እኔ ብቻ ከሲታ ወንድ ነኝ። አንዷ «ሚስትህ የት ሄደች?» አለችኝ። «የለችም፣ የምታየው እኔ ነኝ» ስላት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ እስክታለቅስ ሳቀች። ነርሷ መጥታ «ሁላችሁም ውኃ ጠጡ፣ ፊኛችሁ ካልሞላ አይታይም» ብላ አዘዘች። እኔንም ብርጭቆ አስያዘችኝ። «እኔ እንኳ…» ስል «ሁላችሁም ብያለሁ» አለች። ትዕዛዝ መቀበል ለምዶብን ስለነበር ጠጣሁ፤ ሲደግሙልኝም ጠጣሁ። ጭኑን ለሚታይ ሰው ምን እንደሚረባ የጠየቀ የለም። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ መቆም አቃተኝ። ያቺ የሳቀችብኝ ሴት በአንድ በኩል፣ ሌላዋ በሌላ በኩል፣ ከነሆዳቸው ደግፈው አስነሡኝ። አላፈርኩም። የዚያን ቀን የወንድሜን እጅ የገፋሁት እኔ፣ የእነሱን ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩ።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ሐኪሟ ጭኔ ላይ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ቀብታ ትንሽ ዕቃ አስኬደችበት። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ፅንስ ፍለጋ ይመስል እኔም አንገቴን አሰገግሁ። ምንም አልገባኝም። እሷ ትንሽ አየችና፣ ድንገት የጋውኗን እጅጌ ሰብስባ የራሷን ክንድ ቀባች።

«ይኼ የእኔ ነው» አለችኝ። «ጥቁሩ ሁሉ ጡንቻ ነው። እነዚህ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች በመሐሉ ያለፉ ክሮች ናቸው። ከታች የሚያበራው ደግሞ አጥንት። አሁን የእርስዎን ክንድ እንይ።»

የእኔ ክንድ ጥቁር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ላይ የሚተኛው ጉም የገባበት ይመስል ነጫጭባ ሆኗል። የአጥንቱ መስመር ደብዝዞ ሊታይ አልቻለም። ጭኔም እንዲሁ፤ ከፊት ያለው ጡንቻ ባሰ፣ ከኋላው ቀለለ። ጥፍሯን ቆዳዬ ላይ አስደግፋ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። «እዚህ ጋ ይቆረጣል» አለች።

ልነግራችሁ የምፈልገው ያኔ የተሰማኝን ነው። ክፉ ነገር አይቼ ተደሰትኩ። ወንድሜ ያላመነው፣ ሊቀመንበሩ ማስረጃ አምጣ ያለኝ፣ እኔም ራሴ አንዳንዴ ሰንፌ ይሆን እንዴ ብዬ የተጠራጠርኩት ነገር እዚያ ስክሪን ላይ ተቀምጧል። «እባክዎ ትንሽ ያቆዩት» አልኳት። አቆየችልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሽንቴን መያዝ እንዳቃተኝ የነገርኳት፤ ያ የማይፈታ ፊቷም ያን ጊዜ ተፈታ።

ሥጋው ተቆርጦ ታየ። ብግነት ነው ተባለ። ሐኪሟ የምስሉን ፎቶና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ለሊቀመንበሩ ወሰድኩለት። ፎቶውን ወደ መስኮት ይዞ አገላበጠው።

«ይኼ የማን ፅንስ ነው?» አለኝ።

«የእኔ ጭን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ፎቶውን አየ፣ ጭኔን አየ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ማኅተም አየ። ያመነው ማኅተሙን ነው። «ታዲያ ይኼን ቀደም ብለህ አታመጣም?» አለኝ። እስክድን ተቀምጬ፣ እጄንም ሳላነሣ እንድሰበሰብ ፈቀደልኝ።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ጋሼ መኮንን ልጆቹን ይዞ መጣ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። «ነግሬህ ነበር» አልኩት። አቀረቀረ። የወንድሜ ፍርሃት የእኔ ሕመም ያህል እውነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ሕፃናት ነበሩበት። ግን ከዚያ በኋላ የበላሁት የእሑድ ምሳ እንደ ቀድሞው አልጣፈጠኝም። እማማ በላይነሽም ፎቶውን አሳየኝ አሉና አሳየኋቸው።

«ይኼ ነጩ ነው ሕመሙ?»

«አዎ፣ እማማ። እንደነገርኩዎት ነው። መነሣት ስላልቻልኩ ነው።»

ፎቶውን መለሱልኝ። «እግርህ አልነሣ ብሎህ ይሆናል» አሉ። «የወንድምህን እጅ የገፋኸው ግን በጤናህ ነው።» ቅንጬውንም ማምጣት አላቋረጡም።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ያድናል፣ ግን ዋጋውን ይቀበላል። ፊቴ አብጦ ድቡልቡል አለ፣ ሆዴ ጠዋት ማታ ራበኝ፣ ጨው ተከለከልኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ። አንዳንዴ ከፋርማሲ ይጠፋና ከቦሌ እስከ ኮተቤ ፍለጋ እዞራለሁ። እንደኔ ላለ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ትንሽ ሲሻላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡት፤ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። ወጌሻ ዘንድም አትሂዱ። ሐኪም አልገባው ሲል ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ስትነሡ እንዲያዩአችሁ አድርጉ፤ የእኔ ሕመም የታወቀው ስነሣ ነው።

ለውጡ በጣም ቀስ ብሎ መጣ። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገመዱን ሳልይዝ ተነሣሁ። ሌላ ቀን ቱኒዚያን አልፌ ግብፅ ደረስኩ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሐኪሟ ደግማ በአልትራሳውንድ አየችኝ። ጉሙ ሳስቷል፣ ከሥሩ የአጥንቱ መስመር ብልጭ ብሏል። እንደዚያ ቀን የራሷን ክንድ ቀብታ አነጻጸረችልኝ። «ገና እንደኔ አልሆነም» አለችኝ፤ እየሳቀች ግን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ከመድረኩ አየኝና «ጓድ ደምሴ፣ እንዴት ነህ? ተሽሎሃል መሰለኝ» አለ። ተነሣሁ። ማንም ሳይደግፈኝ ብድግ ማለቴን ሕዝቡ አይቶ ተደነቀ። መፈክር ተባለ። እጄን ሰደድኩት። ወጣ፣ ከጆሮዬ በላይ፣ ከራሴ በላይ። ምን እንደሚባል እንኳ አልሰማሁም። ክንዴ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ሰው አጨበጨበልኝ፣ ጋሼ መኮንን ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። በዚያ ደስታ መሐል እማማ በላይነሽን ፈለግሁ። ከወዲያኛው ረድፍ፣ የግራ እጃቸውን እንደ ሁሌው ትንሽ ከትከሻቸው ከፍ አድርገው፣ መሬት መሬት ያያሉ።

በዚያ ሳምንት አልመጡም። በሚቀጥለውም። ቤታቸው ሄድኩ። በደንብ ተቀበሉኝ፣ ወንበር ጠርገው አስቀመጡኝ። «እንኳን እግዜር ማረህ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ቅንጬ አያስፈልግህም።» ወቀሳ አልነበረበትም። እንደ ማንኛውም ጎረቤት ነው ያናገሩኝ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሕመም ያልተሰማኝ ብቸኝነት ያን ቀን ተሰማኝ። ቤቴ እንኳን ደህና ወጣህ በሚል ሰው ተሞልቶ ነበር፤ በሬ ሲንኳኳ የማዳምጠው አንድ ሰው ግን አልነበረም።

ቀጣዩ ስብሰባ መጣ። ከፊት፣ እዚያው ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ መኮንን አጠገቤ ነው። ተነሡ ተባለ፤ ሁሉም ተነሣ። ጭኔ ጤነኛ ነበር፣ ለመነሣት ራሱ ይቸኩላል። እኔ ግን እዚያው ተቀመጥኩ። መፈክር ተባለ። ግራ እጄ ልማድ ሆኖበት ከጉልበቴ ላይ ከፍ አለ። በፊት ክርኔን ከታች እገፋበት በነበረው በቀኝ እጄ ይዤ አስቀመጥኩት። ፈርቼ ነበር።

«ጓድ ደምሴ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ትከሻዬን እያሸሁ «አገረሸብኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

የዚያን ጉም ፎቶ አስታወሰ መሰለኝ፣ ራሱን ነቅንቆ አለፈኝ። ጋሼ መኮንን ጎንበስ ብሎ «አሞህ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «አሞኛል፣ ጋሼ» አልኩት። ለሱም ለልጆቹም የሚሻለው መልስ እሱ ነበር።

ስንወጣ ሰው እየተጠጋ «አይዞህ» ይለኛል። ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ እማማ በላይነሽ ከኋላዬ ደረሱብኝ። ፊቴን አተኩረው አዩኝ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«አሞኛል፣ እማማ።»



«እንዲህ ያለው ሕመም ከሆነስ» አሉኝ፣ «እግዜር ይማርህ አልልህም።»

ከዚያ ግራ ክንዴን ያዙ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበርና ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉብኝ። ክንዴ ቻላቸው።